የአዳም ልጆች መሆናቸውን ያውቁ ነበር፦ ስለ 1444ቱ የላጎስ ቀን

ቀለም_ወዳድ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ባለፈው ሳምንት በሌላ ክር ላይ አንድ ወንድማችን «የድሮ ፈረንጆች ጥቁርን እንደ ሰው አያዩም ነበር፤ ባለማወቅ ነው ያደረጉት» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ተስማማ። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የሰውን ክር ላለማበላሸት ብዬ ለብቻው አመጣሁት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፖርቱጋል ውስጥ ላጎስ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በ1444 ስድስት መርከቦች ከዚያ ተነሥተው ወደ ደቡብ ሄዱ። አለቃቸው ላንሳሮቴ የሚባል የከተማዋ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር። ዛሬ ሞሪታንያ በምንላት አገር ዳርቻ፣ በአርጊን ደሴቶች አካባቢ፣ ጎህ ሲቀድ መንደር እየከበቡ ሰው ለቀሙ። ኦገስት 8 ቀን ላጎስ ላይ 235 ሰው አወረዱ። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይሉ።

ያን ቀን የጻፈልን ጎሜሽ ኢያኔሽ ደ ዙራራ ነው። የፖርቱጋል ንጉሥ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበር። ጠላት አይደለም፤ ተቃዋሚም አይደለም። ጉዞዎቹን ያስደርግ የነበረው የፖርቱጋሉ ልዑል ሄንሪ አድናቂ ነው፤ መጽሐፉን የጻፈው እሱን ለማመስገን ነው። ለዚህ ነው ቃሉ የሚከብደው።

ሙቀቱ ሳይበረታ ተብሎ ገና በማለዳ ከጀልባ አወረዷቸው። ከከተማው በር ውጭ ሜዳ ላይ አቆሟቸው። የከተማው ሰው ሥራውን ትቶ፣ የገጠሩም ሰው መንገድ ጀምሮ ሊያይ ወጣ። ልዑሉ በትልቅ ፈረስ ላይ ተቀምጧል።

ዙራራ ከዚያ በኋላ ፊት በፊት እያየ ይዘረዝራል። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቷል፤ ፊቱ በእንባ ርሷል። አንዳንዱ ወደ ሰማይ አንጋጦ ይጮኻል። አንዳንዱ ፊቱን በመዳፉ እየመታ መሬት ላይ ይዘረራል። ሌሎቹ ደግሞ በአገራቸው ወግ በዜማ ያለቅሳሉ። ቃሉ ባይገባንም የሐዘናቸው ልክ ግልጽ ነበር ይላል። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሙሾ ነዋ! ፊት መምታት፣ መሬት ላይ መውደቅ፣ በዜማ ማልቀስ። እኛ ለቅሶ ቤት የምናውቀው ነገር ነው።

ከዚያ ድርሻ ማካፈል ተጀመረ። አምስቱ መደብ እኩል እንዲሆን ተብሎ ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከአባቱ፣ ወንድም ከወንድሙ ተለየ። ዝምድና አልታየም። ልጁ ወደ ሌላ መደብ ሲገፋ አባቱን ያየ እንደሆነ ተስፈንጥሮ ይመለሳል። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው መሬት ላይ ይደፉባቸዋል። ዱላው ጀርባቸው ላይ ያርፋል፤ ልጁን አይለቁም። ለልዑሉ የደረሰው አምስተኛ እጅ 46 ሰው ነበር። ወዲያው ለሰዎቹ አደለው።

ይህን ሁሉ ሲጽፍ ዙራራ በመሐል ወደ እግዚአብሔር ዞሮ ይናገራል። በግርድፉ እንዲህ ነው፦ አእምሮ የሌላቸው እንስሳት እንኳ የወገናቸው ስቃይ በተፈጥሮ ይሰማቸዋል፤ እነዚህም የአዳም ልጆች መሆናቸውን እያሰብኩ፣ ሰው የሆንኩት እኔ ምን ልሁን?

የአዳም ልጆች። ይህን ያለው በ1453 ነው። አትላንቲክ ላይ ያ ሁሉ ሚሊዮን ሰው ከመጫኑ በፊት፣ ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ።

ከዚያ ምን አለ? ሥጋቸው ቢታሰርም ነፍሳቸው ይድናል አለ። የልዑሉ ደስታ የነፍሶቹ መዳን ነው አለ። ወደ ምስጋናው ተመለሰ።

ስለዚህ «አያውቁም ነበር» የሚለውን ልቀበል አልችልም። አውቀዋል። አልቅሰዋል። ከዚያ ተካፍለዋል።

ጥቁር_ፈረስ

ያን አስተያየት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስላላዋረድከኝ አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ግን ሙሉ በሙሉ አልለቅም። እሱው ዙራራ በሌላ ቦታ ላይ እነዚህ ሰዎች እንደ አውሬ ይኖሩ ነበር ብሏል። ዳቦና ወይን አያውቁም፣ ልብስ የላቸውም፣ ቤት የላቸውም፣ ይህን ሁሉ ያገኙት እኛ ጋ ነው ብሎ ጽፏል። መልካቸው ጥቁር የሆነውንም አስቀያሚ፣ ከምድር በታች የወጣ ይመስላል ብሏል። ታዲያ ይህ ሰው አድርጎ ማየት ነው? አንድ ቦታ ላይ ማልቀሱ ብቻውን ምን ያሳያል?

ቀለም_ወዳድ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ልክ ነህ፣ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ውስጥ አሉ።

እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። የዓይኑና የደብተሩ ነገር ተለያየ። ሜዳው ላይ ያለው እናት ናት፤ ስለዚህ ስለ እናት ጻፈ። ኋላ ግን ልዑሉን ማጽደቅ አለበት። ያን ጊዜ «እንደ አውሬ ይኖሩ ነበር» መጣ። ዳቦና ወይን የሚለውን ልብ በልልኝ። እኛ የምንበላውን ካልበላህ ሰውነትህ ጎዶሎ ነው ማለት ነው። በዓሣና በወተት የሚኖር የባሕር ዳር ሰው በዳቦ ሚዛን ሲመዘን ቀለለ።

ንቀቱ ከዝርፊያው በፊት የነበረ አይመስለኝም። ዝርፊያው ንቀቱን ፈለገው።

የቀድሞ_መምህር

ልጆቼ፣ በርቱ። አንድ ማስተካከያ ልስጥ።

ዙራራ የጻፈው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ከሱ በፊት የተጻፈ የሌላ ሰው ማስታወሻ ይዞ ነው። ስለዚህ «ፊት በፊት እያየ» የሚለው አገላለጽ ይታረም። ያን ቀን ሜዳው ላይ ስለመቆሙ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ይህ ግን የልጄን ነጥብ አያፈርስም። እንዲያውም ያጠነክረዋል። ሰው በስሜት ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ቀለም እያጠቀሰ «የአዳም ልጆች ናቸው» ብሎ ጻፈ ማለት ነው።

ደግሞ ከእነዚያ ምርኮኞች ብዙዎቹ የሰሐራ ሰዎች፣ ፖርቱጋሎች አዜኔጌ የሚሏቸው ነበሩ። ዙራራም ከመካከላቸው ነጣ ያሉ፣ ጠይም የሆኑና እንደ ኢትዮጵያዊ የጠቆሩ ነበሩ ይላል። እንደ ኢትዮጵያዊ ነው ያለው፤ በራሱ ቃል።

ቀለም_ወዳድ

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። «ፊት በፊት እያየ» ያልኩት የኔ ስሕተት ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

የጎጃም_ዲያቆን

ስለ ኖኅ እርግማን አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያናድደኛል።

ዙራራ ጥቁሮች ለባርነት የተዳረጉት ኖኅ ከጥፋት ውኃ በኋላ በረገመው እርግማን ነው የሚል ነገር ጣል አድርጓል። ስሙን እንኳ በትክክል አልያዘውም፤ የካምን ስም ከቃየን ጋር አምታቶታል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9ን አውጥታችሁ አንብቡ። ኖኅ የረገመው ካምን አይደለም። «ከነዓን ርጉም ይሁን» ነው የሚለው። ካም አራት ልጆች አሉት፤ ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥ፣ ከነዓን። እርግማኑ በከነዓን ላይ ነው። የኛ የምንለው ኩሽ ደግሞ ምንም አልተባለም። ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል የለችም።

አራት መስመር ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ይህን ያያል። ቄሶቻቸው ደግሞ ማንበብ ይችሉ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመት ግን በዚህ ጥቅስ ሰው ሲሸጥበት ኖረ። መጽሐፉ እየተገለጠ ማለት ነው!

እኛም ጋ ይህን ጥቅስ አጣሞ የጎረቤቱን ዘር የሚያዋርድ ሰው ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። እሱንም አልደብቅም።

ሰምሃል_ከዲሲ

ክሩን በስልኬ ሥራ ቦታ ላይ እያነበብኩ ዓይኔ ቀላ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚያው ዘመን እኮ አውሮፓውያን ቄሱን ንጉሥ ዮሐንስን እያሉ የኛን ንጉሥ ይፈልጉ ነበር። የኛን ሰዎች እንዴት ነበር የሚያዩት? እኛን ለይተው ያከብሩን ነበር የሚባለው እውነት ነው? እዚህ አሜሪካ አንዳንድ የኛ ሰዎች «እኛ የተለየን ነን» ሲሉ እሰማለሁ። ከልብ ነው የምጠይቀው።

ቀለም_ወዳድ

ሰምሃል፣ ይህ ጥያቄ ክሩን እንድከፍት ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

1441ን ያዢልኝ። በዚያ ዓመት አንታኦ ጎንሳልቬሽ የሚባል ፖርቱጋላዊ ከምዕራብ ሰሐራ ዳርቻ ጥቂት ሰዎችን ማርኮ ለልዑል ሄንሪ ወሰደ። ዙራራ ከሚተርካቸው ምርኮኞች መጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው አውሮፓ፣ ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ገብተው በሮማው ጳጳስ በአራተኛው ኤውጄንዮስ ፊት ቆሙ። ንጉሣችን ዘርዐ ያዕቆብ ነበር። በክብር ተቀበሏቸው። የዚያ ጊዜ እንግዶች ምስል ሮም ውስጥ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ተቀርጿል፤ በሩ እስከ ዛሬ አለ።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ጥቁር ሰው። አንዱ መስቀል ይዞ በበር ገባ፤ ሌላው እጁን ታስሮ በመርከብ።

ታዲያ የሚለያያቸው መልክ አልነበረም ማለት ነው። ክርስቲያን መሆንና ጦር ያለው ንጉሥ ከጀርባ መኖሩ ነበር። በ1452 እና በ1455 ጳጳስ ኒኮላስ አምስተኛ ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ ሙስሊሞችንና አረማውያንን ወግቶ ለዘላለም ባርነት የመዳረግ ፈቃድ ሰጥቷል። ድንበሩ ያኔ ሃይማኖት ነው።

ግን ያ ድንበር አልቆየም። እዚህ ላይ ነው «እኛ የተለየን ነን» የሚለው የሚፈርሰው። የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝበን ገባ። መነኩሴ ነው፣ የተማረ ነው፣ የንጉሥ መልእክተኛ ነው። ዓመታት አስቀመጡት። ቁርባን ከለከሉት። እንደ መናፍቅ መረመሩት። እሱም በ1534 ስለ ሃይማኖታችን ጽፎ ለፖርቱጋላዊው ምሁር ዳሚያኦ ደ ጎይሽ ሰጠ፤ ጎይሽ በ1540 በላቲን አሳተመው። እዚያ ውስጥ ጸጋ ዘአብ ግሪክም ይሁን አርመን ወይም ኢትዮጵያዊ፣ ክርስቲያን ሁሉ በፍቅር መያዝ አለበት፣ እኔ ግን እንደ አረማዊ ተቆጠርኩ እያለ ያዝናል።

የቀድሞ_መምህር

በዚህ ላይ ስለ ስማችን ልጨምርላችሁ።

በላቲን «ኤትዮፕስ» ማለት ጥቁር ሰው ሁሉ ነው። በ1627 አሎንሶ ደ ሳንዶቫል የሚባል ኢየሱሳዊ ቄስ ስለ አፍሪካውያን ባሮች ትልቅ መጽሐፍ በሴቪያ አሳተመ። መጽሐፉ የሚታወቅበት የላቲን ስም ስለ ኢትዮጵያውያን መዳን ነው የሚለው። ይህ ቄስ የሚኖረው ዛሬ ኮሎምቢያ ውስጥ ባለችው ካርታሄና ወደብ ነበር። መርከብ በገባ ቁጥር ይወርዳል። የታመመውን ያያል፣ አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ ያጠምቃል። እነዚያ «ኢትዮጵያውያን» ከሴኔጋል፣ ከኮንጎ፣ ከአንጎላ የመጡ ነበሩ።

ሳንዶቫል ነገሩን በጣም ያውቅ ነበር። አንዳንዶቹ አፍሪካ ወደብ ላይ በጅምላ ውኃ ተረጭቶባቸው፣ ምን እንደሚደረግባቸው ሳይነገራቸው እንደተጠመቁ ጽፏል። ስለ ጥምቀቱ ተጨነቀ። ስለ ሰንሰለቱ ያን ያህል አልተጨነቀም። የኢየሱሳውያን ማኅበር ራሱ ባሮች ነበሩት።

ስማችን ተጽፎ የተሸጠበት ብዙ ደረሰኝ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ልጄ ሰምሃል፣ «የተለየን ነን» ለሚሉሽ ይህን ንገሪያቸው።

ሕግ_ተማሪ

እኔ ደግሞ በሕጉ በኩል ልግባ። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 ስለ ቅኝ ግዛቶቹ ባሮች ያወጣው ሕግ አለ፤ «ጥቁሩ ሕግ» ይሉታል። አንቀጽ 2 ባሪያ ሁሉ ይጠመቅ፣ ሃይማኖት ይማር ይላል። አንቀጽ 44 ደግሞ ባሪያ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው ይላል።

ክፍል ውስጥ ይህን ሳነብ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ወንበር አይጠመቅም። በቅሎ የጸሎት ትምህርት አይሰጣትም። የሚጠመቅ ነገር ነፍስ ያለው ሰው ነው። ሕጉ ይህን ያውቃል። በዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ እንደ ዕቃ ለወራሾች ያከፋፍለዋል።

ሁለተኛው የዞንግ መርከብ ነው። በ1781 ወደ ጃማይካ ሲሄድ መርከበኞቹ ውኃ አለቀ ብለው ከ130 በላይ ሰው በሕይወት እያለ ወደ ባሕር ጣሉ። ባለመርከቦቹ ለእያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ ይከፈለን ብለው ኢንሹራንሱን ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ለእነሱ ሆነ። ነገሩ በ1783 እንደገና ሲሰማ ዋናው ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ ጉዳዩ ፈረሶች ከመርከብ እንደተጣሉ ተደርጎ መታየቱን ተናገሩ። «እጅግ የሚዘገንን ቢሆንም» የሚል ሐረግ ጨምረውበት ነው። አዲስ ችሎት እንዲሰየም አዘዙ። በግድያ ግን ማንም አልተከሰሰም።

አሁን ይህን ስሙ። እኚህ ዳኛ ቤታቸው ውስጥ የምታድግ ዳይዶ ኤልዛቤት ቤል የምትባል ልጅ ነበረች። የእኅታቸው ልጅ የወለዳት ናት። እናቷ በባርነት የነበረች አፍሪካዊት ነበረች። በ1779 ለእራት የተጋበዘ አንድ እንግዳ በማስታወሻው ላይ ጽፏል። እራት ከተበላ በኋላ ጥቁሯ ልጅ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፣ ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በአትክልቱ ሲንሸራሸሩ አየሁ ይላል። ከእራት በኋላ ነው፤ ገበታው ላይ አልነበረችም።

እኚህ ሰው ጥቁርም ሰው መሆኑን አያውቁም ነበር ልትሉኝ ነው? በኑዛዜያቸው ላይ እንኳ ነፃነቷን በጽሑፍ አረጋግጠውላታል። ሰው እንዳይነካት ፈርተው። የሚፈራው ነገር ምን እንደሆነ ያውቁታላ!

ጥቁር_ፈረስ

እሺ። እዚህ ጋ ተሸነፍኩ። «እጅግ የሚዘገንን ቢሆንም» የሚለው ሐረግ ሌሊቱን እንቅልፍ ይከለክለኛል።

ሳሮን_ዘ_አዋሳ

እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ ነጮቹ ምን እንዳሉ ነው። አለቀሱ፣ ናቁ፣ አጠመቁ። የኛስ ሰዎች ምን አሉ? የተያዙት አልተናገሩም?

ቀለም_ወዳድ

ተናግረዋል እንጂ! መጀመር የነበረብኝ ከዚያ ነበር፤ ልክ ነሽ።

የኮንጎው ንጉሥ አፎንሶ ክርስቲያን ነበር። ልጁ ሄንሪኬ ፖርቱጋል ተምሮ ጳጳስ ሆኗል። አፎንሶ በ1526 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለጆኣኦ ሦስተኛ ደብዳቤ ጻፈ። ነጋዴዎቻችሁ ሕዝቤን በየቀኑ ይወስዳሉ፣ የአገሬን ልጆች፣ የመኳንንቱን ልጆች፣ የራሴን ዘመዶች ሳይቀር፤ አገሬ ሰው አልባ እየሆነች ነው አለ። ከእናንተ የምፈልገው ቄስና መምህር ነው፣ ለቅዳሴ የሚሆን ወይንና ዱቄት ነው አለ። የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው። ደብዳቤው ሊዝበን ደርሷል። ንግዱ አልቆመም።

ሌላው ሎሬንሶ ዳ ሲልቫ ደ ሜንዶንሳ ነው። ከአንጎላ ነገሥታት ዘር ነው ይባላል። በ1684 ሮም ድረስ ሄዶ አቤቱታ አቀረበ። ጥቁር ክርስቲያኖች በዘላለም ባርነት ስለሚደርስባቸው ግፍ ዘረዘረ። በ1686 የቫቲካኑ ጉባኤ ለጥያቄዎቹ መልስ ሰጠ፤ በዓመፅና በማታለል ሰውን መያዝ፣ እንዲህ የተያዙትን መግዛትና መሸጥ የተከለከለ ነው አለ። በወረቀት ላይ አሸነፈ። ገዢዎቹና መርከበኞቹ ግን እንዳልሰሙ ሆነው ቀጠሉ።

ስለዚህ «ማንም አልነገራቸውም» ማለትም አይቻልም። ተነግሯቸዋል። በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ሃይማኖት፣ በማኅተም።

ጅማ_ቡና

ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ የማነብ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ልጻፍ።

የአባቴ እናት በልጅነቷ ተሸጣ የመጣች ነች። ከየት እንደመጣች የምታስታውሰው አንድ ወንዝና የእናቷን ዘፈን ብቻ ነበር። የወንዙን ስም አታውቅም። ያደገችበት ቤት ጌቶች ደግ ናቸው ይባሉ ነበር። አስጠመቋት፣ ስም አወጡላት። የድሮ ስሟን ስንጠይቃት «ረሳሁት» ትለን ነበር። ልትሞት ስትል ግን በማናውቀው ቋንቋ አጉረመረመች። አባቴ አጠገቧ ነበረ። ምን እንዳለች የሚነግረን ሰው አላገኘንም።

እኔ ዕጩ ሙሽራ ሳለሁ የልጅቷ ዘመዶች አጥንት ቆጥረው ነገሩን አፈረሱት። ብዙ አልቆየም፤ ሞባይል ባለበት ዘመን ነው።

የላጎስን ታሪክ ሳነብ አያቴን አየኋት። ሌላ የምለው የለኝም።

የድሮ_አርበኛ_ልጅ

ወንድሜ ስለ አያትህ አዝናለሁ። ግን የኛን ከነሱ ጋር ማወዳደር ትክክል አይደለም። እኛ ጋ መርከብ የለም፣ የሸንኮራ እርሻ የለም። የቤት አሽከርነት ነበር።

ጅማ_ቡና

እኔ አላወዳደርኩም ወንድሜ። አያቴን ነው የነገርኳችሁ።

የቀድሞ_መምህር

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

መጠኑ አይወዳደርም፣ እውነት ነው። በአትላንቲክ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጭኗል። ግን ክሩ የተከፈተው «ያውቁ ነበር ወይ» በሚል ነው። እኛስ? ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ባሮች የሚናገረውን አንቀጽ ሲጀምር ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ በነፃነት እኩል ነው ይላል። ከዚያ ጦርነት ግን የተሸነፈውን ለአሸናፊው ባሪያ አደረገው ብሎ ይቀጥላል። መጽሐፉ ወደ አገራችን የገባው በትውፊት በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ላጎስ ላይ ያ ሜዳ በሰው የተሞላበት ዘመን። እዚያ «የአዳም ልጆች ናቸው» ተብሎ ተጻፈ፤ እዚህ «በተፈጥሮ ነፃ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ጋ ምን ሆነ?

ባርነትን በሕግ የሻርነው በ1942 ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን «ባሪያ» የሚለውን ቃል ለሰው ስም አድርገው የሚጠሩ ነበሩ። የተጠራው ሰው «አቤት» ይል ነበር። አሁንም ድምፁ በጆሮዬ አለ።

ጅማ ቡና ልጄ፣ ስለጻፍክልን አመሰግንሃለሁ።

የድሮ_አርበኛ_ልጅ

ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ጅማ ቡና ይቅርታህን።

ሊዝበን_ነዋሪ

ከሁለት ቀን በፊት ነው ክሩን ያየሁት። እዚህ ሊዝበን 11 ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

ወደ ሥራ ስሄድ ትራም የሚያልፍበት አንድ መንገድ አለ። ስሙ ሩዋ ዱ ፖሱ ዱሽ ኔግሩሽ ነው። የጥቁሮቹ ጉድጓድ መንገድ ማለት ነው። ለብዙ ዓመት ጥቁር ሰዎች ውኃ የሚቀዱበት ጉድጓድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። በ1515 ንጉሥ ማኑኤል ለከተማው ሹሞች ደብዳቤ ጻፈ። የሞቱ ባሮች ሬሳ በየቦታው እየተጣለ ውሻ ይበላዋል፤ ጉድጓድ ይቆፈርና እዚያ ይጣሉ፣ በየጊዜው ኖራ ይደፋበት አለ። የመንገዱ ስም ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። ዛሬ ካፌና የልብስ ሱቅ ነው።

ሁለተኛው ላጎስ ነው። በ2009 ከድሮው ቅጥር ውጭ የመኪና ማቆሚያ ሲቆፈር ከ150 በላይ የአፍሪካውያን አጽም ተገኘ። መቃብር አይደለም፤ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር። ከተሰበረ ሸክላና ከእንስሳት አጥንት ጋር። ሕፃናትም አሉበት። አንዳንዶቹ እጃቸው እንደታሰረ የተጣሉ ይመስላሉ።

ባለፈው ዓመት ሄጄ አየሁት። ማቆሚያው ተሠርቶ አልቋል። ከላዩ ሣር ነው። አደባባዩ ላይ የልዑል ሄንሪ ሐውልት ባሕሩን እያየ ተቀምጧል። አጠገቡ የባሪያ ገበያ የሚባለው ትንሽ ቤት ሙዚየም ሆኗል። ሣሩ ዳር ቆሜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፋኝ። ነጠላ አልያዝኩም፣ ሻማ አልያዝኩም። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ተመለስኩ።

ዲያቆን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለእነዚህ ሰዎች ፍትሐት ይደረጋል?

የጎጃም_ዲያቆን

እኅቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ፍትሐት ሥርዓቱ ለተጠመቀ ምእመን ነው፤ የክርስትና ስም ይጠራል። የእነዚህን ስም የሚያውቅ የለም፤ ማን እንደተጠመቀ፣ ማን እንዳልተጠመቀም አይታወቅም። ሙስሊሞችም ይኖሩባቸዋል። ስለዚህ ሥርዓቱን አደርጋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ግን በጸሎት ማሰብን የሚከለክል የለም። አንቺ አቡነ ዘበሰማያት ማለትሽ ትክክል ነው።

ቀኑን ግን አስልቼልሻለሁ። ያን ጊዜ ፖርቱጋል የምትቆጥረው በድሮው በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር። ኦገስት 8 ቀን 1444 በኛ ነሐሴ 15 ቀን 1436 ይውላል። የፍልሰታ ጾም የመጨረሻው ቀን ነው። እናቶቻችን ልጆቻቸውን አዝለው ቅዳሴ የቆሙበት ቀን ማለት ነው።

ነሐሴ 15 በአሁኑ የፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 21 ነው። እኔ ዘንድሮ በዚያ ቀን ቅዳሴ ላይ አስባቸዋለሁ።

ጅማ_ቡና

አያቴንም አስባት። ያወጡላት ስም ወለተ ማርያም ነበር።

ሊዝበን_ነዋሪ

ኦገስት 21 ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ጠዋት ወደ ላጎስ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ነጠላና ሻማ እይዛለሁ። ፖርቱጋል ያላችሁ ሰዎች መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።